ስለ ልጅዎ መዳን እንድጽፍ የታዘዝኩት ምስክርነት

ቢቸና፣ የካቲት ፳፻፩ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ታዘበው አካለ ወልድ
የደብራችን ሰበካ ጉባኤ ምክትል ሊቀ መንበር፣
የመድኃኔ ዓለም ጽዋ ማኅበር ሙሴ፣ የሰፈራችን እድር ዳኛ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያዘዙኝን የተአምር ምስክርነት ስለ ማቅረብ

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ባንቺዓለምና ለመላው ቤተሰብዎ የእግዚአብሔር ሰላም እንዲበዛላችሁ እመኛለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጉልበትዎስ? እንቅልፍዎ እንደምን እንደሆነ ብጠይቅዎ ደግሞ እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ አጥራችን አንድ ነውና የክፍልዎ መብራት ሳይጠፋ እንደሚያድር ሳልፈልግ አውቃለሁ። እንቅልፍ የሰጪው ስጦታ ስለሆነ እንዲመልስልዎ በጸሎቴ አስብዎታለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስጠርተውኝ፣ በመጪው የመጋቢት መድኃኔ ዓለም በዓል ላይ የሚነበብና በሰንበት ትምህርት ቤቱ መጽሔት የሚወጣ ምስክርነት እንድጽፍልዎ አዝዘውኛል። ልጅዎ ሰማው ከሞት አፋፍ እንዴት እንደተመለሰ፣ እርስዎም እንዴት እንደተሳሉና ስለትዎ እንዴት እንደሰመረ በጥሩ አማርኛ እንዳሰናዳው ነበር ትእዛዝዎ። በዚህ ከተማ አማርኛ ከምናስተምር መምህራን መካከል እኔን ስለመረጡኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ስሰናበትዎ ከበሩ ላይ መልሰው የሰጡኝን ማሳሰቢያም አልረሳሁትም። "ሆስፒታሉንና ሴትዮዋን አታስገቢያቸው፤ የሰውን እምነት ያደክማል" ነበር ያሉኝ።

ምስክርነቱን ጽፌዋለሁ፤ ይኸውልዎት። ማሳሰቢያዎን መፈጸም ግን አልሆነልኝም። ሴትዮዋን ከታሪኩ ባወጣኋት ቁጥር የሚተርፈኝ የእርስዎ ጥላ ብቻ ሆነብኝ። ጥላ ስል ለስለትዎ ያስገቡትን፣ በወርቃማ ዘቦ ያጌጠውን ማለቴ ነው፤ ሌላ ትርጉም የሚሰጡት ካሉ ቅኔ የሚያውቁ ሰዎች ናቸውና በእኔ አያሳብቡ።

ሴትዮዋ ስም ነበራት። ፈንታነሽ ትባል ነበር፤ የክርስትና ስሟ ወለተ ገብርኤል ነው። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ቢቸና ሲሆን፣ እናቷ የእርስዎን ማኅበር ከጀመሩት ሰዎች አንዷ ነበሩ። ሞጣ ላይ የጭነት መኪና ሾፌር አግብታ ኖረች። ባሏ ከስቶ ከስቶ ሲሞትባት ሴት ልጇን አርሴማን ይዛ ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመለሰች፤ ከእኔ ቤት ቀጥሎ ያለችውን ክፍል ተከራየች፤ ዳቦ እየጋገረች በመንገድ ዳር መሸጥ ጀመረች፤ በእናቷም ምትክ ማኅበሩ ውስጥ ገባች። ለማያውቋት አንባቢዎች ይህን ያህል ካልኩ፣ ለእርስዎ ያለብኝን ምስጋና በየተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ስለ ኩባያው አመሰግናለሁ።

በዚያን ጊዜ በሰፈራችን ወጣቶች ከስተው ሲሞቱ ቤተሰብ "ምች ነው"፣ "የሰው ዓይን ነው" እያለ ይቀብር ነበር። አንድ ወር በማኅበሩ ላይ ጸሎቱ እንዳበቃ ፈንታነሽ ተነሥታ ቆመች። እኔ የማኅበሩ አባል አይደለሁም፤ ያለችውን የሰማሁት ከራሷና ኋላም ከወይዘሮ ባንቺዓለም ነው። "ባሌን የገደለው ኤች አይ ቪ ነው። በእኔም ደም ውስጥ አለ። መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወዲህ ይኸው በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ። ልጆቻችሁን አትደብቋቸው፤ አስመርምሯቸው" ብላ ተቀመጠች።

በሚቀጥለው ወር ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እሷ ዘንድ ሳይደርስ ታለፈና ከፊቷ ሰማያዊ የፕላስቲክ ኩባያ ተቀመጠላት። "ለጤናሽ አስበን ነው" አሏት። አማትባ ጠጣች። ከወሩ ጽዋ የቀመሰ በረከቱ ደዌን እንደሚያርቅለት ለዓመታት ያስተማሩ እርስዎ ነዎት፤ በረከቱ ደዌን የሚያርቀው ደዌው አጠገቡ እስካልመጣ ድረስ ብቻ መሆኑን በዚያ ኩባያ ስላብራሩልን ውለታዎ አይዘነጋም።

፪ኛ. በተራዋ ስላደረጉላት ዕረፍትም አመሰግናለሁ።

ማኅበሩን የማስተናገድ ተራዋ ሲደርስ "አቅም የላትም፣ እንለፋት" ብለው ሐሳብ ያቀረቡት ሸክሟን ለማቅለል እንደነበር አልጠራጠርም። እሷ ግን እናቷ ሳይታለፉ የኖሩበትን ተራ አልለቅም አለች፤ የማኅበሩ ቄስም ደገፏትና ጽዋው ወደ ቤቷ ሄደ። ከዚያ በኋላ የነበረውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስታሰናዳ አብሬያት ነበርኩ። ጠላው ተጠመቀ፣ ዳቦው ተደፋ፣ ያቺ ጠባብ ክፍል ተጠርጋ ሣር ተጎዘጎዘባት፣ መቀመጫ ከእኔም ከሌላም ቤት ተሰበሰበ። አርሴማ በሩ ላይ ቆማ እንግዳ ትጠብቅ ነበር።

የመጡት ቄሱ ብቻ ናቸው።

ብዙ ጠብቀን ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ቄሱ ተነሥተው ጸሎቱን ለባዶ ወንበር አደረሱ፣ ዳቦውን ባረኩ፣ ከጽዋው ጠጡና ለእሷም በዚያው ጽዋ ሰጧት። አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ ፈንታነሽ "ይህ ሁሉ ተባርኮ ይበላሻል እንዴ?" አለችና እንስራውን እሷ፣ ዳቦውን እኔና አርሴማ ይዘን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለተቀመጡት ነዳያን አደረስን። ሲበሉ እያየች ፈገግ ስትል አየኋት። እርስዎ በዚያ ሰዓት በራስዎ ሳሎን ከአባላቱ ጋር ተሰብስበው ስለ እንግዳ መቀበል መጽሐፍ ሲነበብላችሁ እንደነበር የሰማሁት በማግስቱ ነው።

፫ኛ. ስለ አረማመድዎ።

ዳቦዋን ማንም እንዳይገዛ አዝዘዋል አልልም፤ እርስዎ አንድ ቃል አልተናገሩም። ያደረጉት ነገር ቢኖር አንድ የገበያ ቀን ከመደቧ ፊት ሲደርሱ ጋቢዎን ሰብሰብ አድርገው መንገዱን ተሻግረው ማለፍ ብቻ ነው። ያየ ሁሉ ተከተለዎት። እንዲህ ሳይናገር የሚመራ መሪ ስለሰጠን እግዚአብሔር ይመስገን። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር መወሰድ እንዳለበት የጤና ባለሙያዎች ነግረዋት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በውኃ ብቻ የምትውጥባቸው ቀናት መጡ። ያለኝን ባካፍላትም አስቀድማ የምትሰጠው ለልጇ ነበር።

፬ኛ. ስለ መንፈሳዊ ምክርዎ ደግሞ በተለየ ሁኔታ አመሰግናለሁ።

ጸበል ልትጠመቅ በሄደችበት ዕለት፣ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ "ክኒን እየዋጡ ጸበል መጠጣት ለሁለት ጌታ መገዛት ነው፤ እምነት ካለሽ ጣይው" ብለው መከሯት። ቄሱ ሁለቱም ከእግዚአብሔር ነው እያሉ ሲያጽናኗት እንደነበር ቢያውቁም፣ ከቄሱ በላይ አማኝ ሆነው መገኘትዎ ብዙዎችን አስደንቋል። እሷም አክብሮቷን ሳትለቅ "ጋሼ፣ ስሙን መድኃኔ ዓለም ብለን የምንጠራው መድኃኒት ስለሚጠላ ነው?" ብላ ጠየቀችዎት። እርስዎ ደፋር አሏት። መልሱን ግን እስከ ዛሬ እንጠብቃለን።

እስከዚህ ድረስ ያለውን በቁጥር አስቀምጬዋለሁ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ግን ልቆጥረው ስል እጄ ይቆማል፤ ስለዚህ እንደሆነው እነግርዎታለሁ። ስለ ሰማው የምጽፈውን እያንዳንዱን ነገር ሰማው ራሱ ፈቅዶልኛል። የበሽታውን ስም እንድጽፍም ፈቅዷል። ያለ ፈቃዱ አንዲት ቃል አልጽፍም ነበር፤ የሰውን ሕመም ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማውጣት ምን እንደሚያደርግ ከእርስዎ ተምሬያለሁና።

ባለፈው ዓመት ከመስቀል በኋላ ሞጣ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ የነበረው ልጅዎ ወደ ቤት መጣ። መጣ ከማለት አመጡት ማለት ይሻላል። ከጓሮ በኩል ባለችው ክፍል አስተኝተው መስኮቱን ዘጉበት፤ ለጠየቀዎት ሁሉ "ታይፎይድ ነው፣ እየተሻለው ነው" አሉ። እኔ በአጥሩ ማዶ ሳሉን እሰማ ነበር። ታይፎይድ እንደዚያ አያስልም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ወይዘሮ ባንቺዓለም ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ቤቴ ገቡ። ፈንታነሽ እኔ ዘንድ ነበረች። እኔን ሳያዩኝ በቀጥታ ወደ እሷ ሄደው እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ይዛ አስቀረቻቸው። "ልጄ እየሞተብኝ ነው። አባቱ ሰው እንዳይሰማ እያለ ነው። ይህን በሽታ የሚያውቅ ከአንቺ ሌላ ማንን ልጥራ?" አሉ። ፈንታነሽ ምንም አልጠየቀቻቸውም። ነጠላዋን ከግድግዳው አንሥታ ወጣች። እኔ ግን እስከ በሩ ተከትያት እዚያ ቤት እንዴት እግሯን እንደምታነሣ ጠየቅኋት። "ብቻውን ነው የተኛው። በሽታውን ችዬዋለሁ፤ ብቻዬን መተኛቱን ግን አልቻልኩትም ነበር" አለችኝ።

በዋናው በር ልትገባ ስትል እርስዎ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። "በጓሮ ዙሪ፤ ሰው እንዳያይሽ" አሏት። ዞረች። ከዚያች ቀን ጀምሮ በየማታው ሊጨላልም ሲል ያቺን የጓሮ በር ትቆረቁርና ዝቅ ባለ ድምፅ "ቤቶች?" ትላለች፤ በሩ ይከፈትላታል። ልጅዎን አጠበችው። አፉ ቆስሎ መዋጥ ሲያቅተው እስኪውጥ እየጠበቀች በማንኪያ አጥሚት አጠጣችው። ያደፈ አንሶላውን ወስዳ እኛ ግቢ አጥባ፣ ጎረቤት እንዳይጠይቅ በቤቷ ውስጥ አድርቃ ትመልስ ነበር። በዚሁ ወር፣ ክቡር ሆይ፣ በማኅበሩ ላይ ሰማያዊው ኩባያ እንደ ወትሮው ከፊቷ ተቀምጦላታል። ልጅዎን የሚያጥበው እጅና ጽዋ የማይነካው እጅ አንድ መሆኑን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ያን ዕለት ጽዋውን ከእሷ አሳልፈው ማዞርዎን ሳስብ በጽናትዎ እደነቃለሁ።

ሰማው መመርመር አልፈልግም ይል ነበር። አባቴ በሕዝብ ፊት እንዲያፍር ከማደርግ ብሞት ይሻለኛል ማለቱን ራሱ ነግሮኛል። ፈንታነሽ "ለአባትህ ብለህ መሞት ምን ያደርጋል? ሞተህ የሚጎዳው እኮ እሱ አይደለም፣ ያለ አንተ የምትቀረው እናትህ ናት" ስትለው ወደ ግድግዳው ዞሮ ለረጅም ጊዜ አለቀሰ፤ በመጨረሻም እሺ አላት። አብራው በአውቶቡስ ሞጣ ሄደች። በዚያ በሚያንገጫግጭ መንገድ ራሱን ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ ለጠየቃት ተሳፋሪ ሁሉ "ወንድሜ ነው" እያለች አደረሰችው። ሆስፒታል ተመረመረ፤ ኤች አይ ቪና የሳንባ ነቀርሳ ተገኘበት፤ ለሁለቱም መድኃኒት ጀመረ። በጥምቀት ሰሞን ታቦት ሲወጣ በራሱ እግር ቆሞ አየነው። እናቱ መንገድ ላይ ተንበርክከው መሬት ሳሙ። ይህን ያየ ሰው ተአምር አይደለም ሊል አይችልም፤ እኔም አልልም።

በወሩ መድኃኔ ዓለም ቀን እርስዎ ጥላውን አስይዘው ወደ ዐውደ ምሕረቱ ወጡ። "ልጄ መድኃኒት ሳይቀምስ፣ የሰው እጅ ሳይነካው፣ በእምነቴ ብቻ ዳነ" ብለው መሰከሩ። ሕዝቡ እልል አለ። ሰማው ያን ዕለት ለክትትል ሞጣ ሄዶ ነበርና የአባቱን ምስክርነት አልሰማም። ፈንታነሽ ግን ከሴቶቹ ኋላ ከእኔ አጠገብ ቆማ ሰምታለች። ፊቷን አየሁት፤ ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ከሕዝቡ ጋር እልል አለች፣ ሳል እስኪያቋርጣት ድረስ። ወደ ቤት ስንመለስ ንዴቴን መያዝ አቅቶኝ ብዙ ተናገርኩ። "ልጁ ድኗል እኮ፣ መምህርት። የቀረው ምን ያደርግልኛል?" ብላ ዝም አሰኘችኝ።

ያ ሳል አልለቀቃትም። ሰማው የነበረበት የሳንባ በሽታ እሷንም ያዛት፤ ሰውነቷ ግን በባዶ ሆድ ሲታገል ቆይቶ ደክሞ ነበር። ክረምት ገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ሆስፒታል ወስደናት መልሰን አመጣናት። በመጨረሻዎቹ ቀናት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከእናቷ ጎን መቀበር። አርሴማ ጥያቄውን ይዛ ቤትዎ መጣች፣ በዋናው በር። እርስዎም በትሕትና "ቦታው ጠቧል፣ ልጄ" ብለው መለሷት። እውነትዎን ይሆናል፤ ያው ቦታ ጳጉሜን ላይ አንድ ባለጸጋ ወዳጅዎ ሲሞቱ እንደገና ሰፋ እንጂ።

ፈንታነሽ ከቅጥሩ ኋላ፣ የክረምት ውኃ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ ተቀበረች። የእድሩ ድንኳን እየተጠገነ ነው ስለተባለ በዝናብ ነው የቀበርናት። ቄሱ ነበሩ፣ እኔና አርሴማ ነበርን፣ በዚያ ቀን ዳቦዋን የበሉት ነዳያን አንድም ሳይቀሩ ነበሩ። ወይዘሮ ባንቺዓለም ከሩቅ ዛፍ ሥር ቆመው ነበር። ወደ ሞጣ ሥራው ተመልሶ ለነበረው ለሰማው ያን ጊዜ ማንም አልነገረውም። ዝናቡ በየቀኑ ከአፈሩ ጥቂት ጥቂት ይወስድ ነበር፤ መስከረም ሲጠባ መቃብሩ ከተዳፋቱ ጋር ሊስተካከል ደረሰ።

አሁን ደግሞ እርስዎና እኔ ብቻ ወደምናውቀው ነገር ልምጣ።

በጥቅምት አንድ ቀን ልክ ሊጨላልም ሲል በሬን አንኳኩተው ገቡ። ባርኔጣዎን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቁኝ፣ ስለ እህሉም አወሩ። ወደ አጥሩ በኩል እያዳመጡ መሆንዎን አየሁ። ድምፅዎን ዝቅ አድርገው "ትሰሚያለሽ?" አሉኝ። ምኑን ብዬ ጠየቅሁዎት። "በጓሮው በር። ቤቶች እያለች ነው" አሉ። ፊትዎ ላይ ላብ ነበር።

እኔም አዳመጥኩ። ነፋስ ባሕር ዛፉን ሲያንሿሿ፣ ከሩቅ ላም ስትጮህ ሰማሁ፤ ሌላ ምንም። ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ ላጽናናዎት አልቻልኩም፤ የለም አልኩዎት። እርስዎ ተነሥተው ሄዱ። ያላልኩዎት ነገር ቢኖር በየማታው በዚያች ሰዓት ሥራዬን አቁሜ የምጠብቀው እኔ መሆኔን ነው። ያቺን ቃል አንዴ ብቻ ብሰማ ብዬ በሬን ገርበብ አድርጌ እቀመጣለሁ። ለእኔ አትመጣም። በሕይወት ሳለች ሌላ ሰው ጠርቷት እንጂ በራሷ ወደ እርስዎ ቤት መጥታ አታውቅም፤ አሁን ማን እንደጠራት የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

በዚያው ሳምንት ግንበኛ መጥቶ የጓሮውን በር በድንጋይና በጭቃ ደፈነው። ድምፁ እንዳልቆመ ያወቅሁት ግድግዳው ላይ ጸበል ሲረጭ ሳይ ነው። ቀጥሎ አልጋዎ ወደ ሳሎን ወጣ። ከገና ወዲህ ደግሞ ሊጨላልም ሲል ከቤት ወጥተው እስከ አደባባዩ ሄደው እንደሚቆሙ፣ ሰላም የሚልዎትን ሁሉ ይዘው እንደሚያቆዩ ሰፈሩ ያያል፤ ለምን እንደሆነ ግን አያውቅም። አሁን ያውቃል። ክቡር ሆይ፣ በዚህ እየቀለድኩብዎ እንዳይመስልዎት። በሰማይና በምድር ስለሚሆነው ሁሉ በየእሑዱ አምናለሁ ሲሉ እሰማዎታለሁ፤ ከልብዎ እንደሚያምኑ ግን እርግጠኛ የሆንኩት እርስዎ ያን ማታ ቤቴ ተቀምጠው ወደ አጥሩ ሲያዳምጡ ነው። ያመኑት ፍርድ እንዳለ ነው። ምሕረት እንዳለ ያመኑ ቀን በሩን ከመድፈን ይልቅ ከፍተው "ግቢ" ይሏት ነበር ብዬ አስባለሁ።

እንግዲህ ያዘዙኝ ምስክርነት ይህ ነው፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ማሳጠር ካስፈለገ እነሆ፦ እኔ ወይንእሸት ገብረ ክርስቶስ፣ በሰው ሁሉ ፊት የተገፋች አንዲት ሴት በገፋት ሰው ቤት ገብታ ልጁን ከሞት ስትመልስ፣ ስሟ ሳይጠራ ሲቀርም እልል ስትል በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ተአምር በዕድሜዬ አላየሁም፤ እርስዎም አላዩም። በበዓሉ ቀን እንዲነበብ የምስማማው ይህ ብቻ ነው።

ለክቡርነትዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ መድኃኔ ዓለም ዕድሜዎን እንዲያረዝምልዎ፣ በሚረዝመውም ዕድሜ ሁሉ የመስማት ኃይልዎን እንዳይቀንስብዎ እየተመኘሁ፣ የፍቅር ጎረቤትዎ ሆኜ እቆያለሁ።

ወይንእሸት ገብረ ክርስቶስ
መምህርት

ግልባጭ፦
ለደብራችን አስተዳዳሪ
ለመድኃኔ ዓለም ጽዋ ማኅበር አባላት በሙሉ
ለሰንበት ትምህርት ቤቱ መጽሔት ዝግጅት ክፍል
በቤተ ክርስቲያኑ በር ለሚገኙ ነዳያን (በቃል ይነበብላቸዋል)

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ሰማው ከሞጣ መጥቶ ከእኔ ቤት ነበር። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ምንም አላስቀየረኝም። ከዚያ አርሴማ ወደ ተዳፋቱ ወሰደችው። ትክክለኛውን ቦታ ለማግኘት ብዙ ዞሩ። አሁን ከሞጣ ስሟን አስቀርጾ ያስመጣው ድንጋይ ከቅጥሩ ሥር ተቀምጧል፤ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያቆመዋል። ለእርስዎ እንድነግርዎት አደራ ያለኝ ይህን ነው፦ "ንግግር እንዲያደርግ አልፈልግም። ድንጋዩ ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ በአንድ በኩል እንዲይዝልኝ ብቻ ነው።" እስከ ቀትር ይጠብቅዎታል። ካልመጡም ግድ የለም፣ በአንድ በኩል እኔና አርሴማ እንይዘዋለን።